ማደሪያው በአንድ ስቴት፣ መዋያው በሌላ

በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ዙሪያ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል፣ ሌሊቱን በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ አድረው፣ ጎሕ ሳይቀድ በባቡር ወይም በመኪና ወሰን ተሻግረው፣ በከተማይቱ ሆቴሎች፣ ሆስፒታሎችና የመኪና ማቆሚያ ሕንፃዎች የዕለት እንጀራቸውን ሲያፈሩ የሚውሉት እጅግ ብዙዎች ናቸው። የፖቶማክ ድልድይ ለተሻጋሪው የዘወትር መንገዱ ቢሆንም፣ በሕግ ዐይን ሲታይ ግን እያንዳንዱ የየራሱ ሸንጎ፣ የየራሱ የግብር መሥሪያ ቤትና የየራሱ መዝገብ ያለው ሁለት መንግሥት የሚለያይበት ድንበር ነው፤ ስለዚህም ዓመቱ ተፈጽሞ አሠሪው ደብልዩ ቱ የሚባለውን የደመወዝ ማስረጃ በላከ ጊዜ፣ ሠራተኛው ደመወዙ አንድ ሆኖ ሳለ ጠያቂዎቹን ሁለት ሆነው ያገኛቸዋል። ደመወዙን ለማደሪያው ስቴት ያስታውቅ ወይስ ለመዋያው? ለሁለቱም ካስታወቀስ፣ አንዱ ዶላር ሁለት ጊዜ ሊገበርበት ነውን?

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ በታክስ ሠሪው ጠረጴዛ ፊት በችኰላ ተነሥቶ በችኰላ ያልፋል። እኔ ግን ጊዜ ሰጥቶ መመርመር የሚገባው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ባለማወቅ የሚጠፋው ገንዘብ የባለጸጋ ትርፍ ሳይሆን በሌሊት ፈረቃ ቆመው ያደሩ ሰዎች ድካም ነውና።

አስቀድሞ የስሕተቱን ሥር ማመልከት ያስፈልጋል። እኛ ከኢትዮጵያ ይዘነው የመጣነው ልማድ፣ የደመወዝ ግብር የአሠሪው ጉዳይ እንጂ የሠራተኛው አይደለም የሚል ነው። ልማዱም ያለ ምክንያት የተወለደ አይደለም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችን የገቢ ግብር ለፌዴራሉ፣ የክልልና የግል ድርጅት ሠራተኞችን ለክልሎች አካፍሎ ሲሰጥ፣ ክርክር ቢነሣ እንኳ በመሥሪያ ቤቶች መካከል እንዲቀር አድርጎታል፤ ሠራተኛው ቡራዩ አድሮ አዲስ አበባ ቢውል፣ ከደመወዙ የተቀነሰው ግብር ከአሠሪው መዝገብ ጋር ይሄዳል፤ ከደመወዝ በቀር ሌላ ገቢ የሌለው ሰውም የዓመት ግብር ማስታወቂያ እንዲያቀርብ አይገደድም። አሠሪው ቀነሰ ማለት ነገሩ ተፈጸመ ማለት ነው። በአሜሪካ ግን አሠሪው የሚቀንሰው ገንዘብ መያዣ ነው እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ለየትኛው ስቴት ምን ያህል እንደሚገባ የሚታወቀው ሠራተኛው ራሱ ፈርሞ በሚያቀርበው ማስታወቂያ ነው፤ አሠሪው ገንዘቡን ለማይገባው ስቴት ልኮት ቢገኝ፣ ባለመብቱ ስቴት «ለጎረቤትህ ከፍያለሁ» የሚለውን መልስ አይቀበልም። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ዕዳ የለብኝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ቅጣትና ወለድ የተጨመረበት ደብዳቤ ደርሶታል!

ሁለቱ ስቴቶች በአንድ ደመወዝ ላይ የሚያነሡት መብት በሁለት መሠረት ላይ የቆመ ነው። ፊተኛው ነዋሪነት ነው፤ ሰው የሚኖርበት ስቴት ልጆቹን ያስተምራል፣ ቤቱን ከእሳትና ከሌባ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ነዋሪው ከየትም ያገኘውን ገቢ በሙሉ ይቈጥራል። ኋለኛው የገቢው ምንጭ ነው፤ ሥራው የተሠራበት ስቴት መንገዱን አንጥፎ፣ ገበያውን በሕግ ጠብቆ ሥራው እንዲገኝ ስላደረገ፣ በወሰኑ ውስጥ ከተገኘው ገቢ ድርሻውን ይጠይቃል። ዊስከንሲን በ1911 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የገቢ ግብርን ደኅና አድርጋ ካቋቋመች በኋላ ሌሎች ስቴቶች ተከተሏት፤ ብዙ ሳይቈይም ክርክሩ ወደ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ማርች 1 ቀን 1920 ፍርድ ቤቱ በአንድ ቀን ሁለት ፍርድ ሰጠ፤ በአንደኛው፣ ቺካጎ ተቀምጦ በኦክላሆማ ከነዳጅ ዘይት ገቢ ያገኝ የነበረ ሰው ለኦክላሆማ እንዲገብር ሲፈረድበት፣ በሁለተኛው ደግሞ ኒው ዮርክ ከኮነቲከትና ከኒው ጀርሲ እየመጡ ለሚሠሩባት ሰዎች፣ ለራስዋ ነዋሪዎች የምትሰጠውን የግብር ነጻነት መከልከሏ ተነቀፈ። በ1937ም ነዋሪነት ብቻውን፣ ገቢው ከሌላ ስቴት ቢመጣ እንኳ፣ ለማስገበር በቂ ምክንያት መሆኑ ተረጋገጠ። እንግዲህ ሁለቱም መብቶች በሕግ ጸንተው ቆሙ፤ በመካከላቸው የቆመው ሠራተኛ ግን ማን እንደሚታደገው ገና አልተነገረም ነበር።

ስቴቶቹ ይህን አይተው ያቆሙት መድኀኒት ማካካሻ ይባላል። ሥርዐቱም እንዲህ ነው፦ ሠራተኛው በመዋያው ስቴት ነዋሪ ላልሆነ ሰው የተዘጋጀውን ማስታወቂያ ሞልቶ፣ እዚያ የሠራውን ደመወዝ ብቻ አስታውቆ ግብሩን ይከፍላል፤ ከዚያም በማደሪያው ስቴት የነዋሪውን ማስታወቂያ ሲሞላ፣ ያንኑ ደመወዝ ጨምሮ ገቢውን ሁሉ ይጽፍና፣ በሌላው ስቴት የከፈለውን ከዕዳው ላይ እንዲቀነስለት ይጠይቃል። ቅደም ተከተሉ ቀላል ቢመስልም ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው፤ የማደሪያውን አስቀድሞ የጀመረ ሰው የማካካሻውን ልክ ሊያውቅ አይችልምና። በሜሪላንድ ሴሲል ካውንቲ አድሮ በደላዌር ዊልሚንግተን የሚውለውን ሰው እንውሰድ፤ በእነዚህ በሁለቱ ስቴቶች መካከል ስምምነት የለም። ደላዌር በደመወዙ ላይ 2,000 ዶላር ብትወስንበት፣ ሜሪላንድም በዚያው ገቢ 2,500 ዶላር ብታሰላ፣ ለሜሪላንድ የሚቀረው 500 ዶላር ብቻ ይሆናል። ነገሩ ተገልብጦ ደላዌር 2,500፣ ሜሪላንድ 2,000 ቢሉ ግን፣ ማካካሻው ከ2,000 አይበልጥም፤ ትርፉን 500 ዶላር ማንም አይመልስለትም። ሰውየው ባጠቃላይ የሚከፍለው፣ እንግዲህ፣ ከሁለቱ ግብሮች የሚበልጠውን ነው። ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው፣ የማካካሻው መለኪያ በደብልዩ ቱ ላይ በ17ኛው ሣጥን የተጻፈው ተቀናሽ ሳይሆን፣ ነዋሪ ላልሆነ ሰው በተሞላው ማስታወቂያ ላይ ተሰልቶ የተወሰነው ግብር መሆኑ ነው። ተቀናሹን እንዳለ ገልብጦ ማካካሻ ብሎ የሚጽፍ ታክስ ሠሪ፣ ለደንበኛው ዛሬ ደስታን፣ ነገ የኦዲት ደብዳቤን ያስገኝለታል።

ይህ ማካካሻ ለብዙ ዘመን የስቴቶች ቸርነት ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ግዴታ መሆኑ የታወቀው ከዚሁ ከእኛ ሰፈር በተነሣ ክርክር ነው። ሜሪላንድ ከስቴቱ ግብር በላይ ለየካውንቲው የሚደርስ ግብር ታስከፍላለች፤ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ መጠኑ 3.2 በመቶ ነው። በሌላ ስቴት ለተከፈለ ግብር ማካካሻ ትሰጥ የነበረው ግን ከስቴቱ ግብር ላይ ብቻ ነበር፤ የካውንቲው ድርሻ አይነካም ትል ነበር። ዊን የተባሉ የሃዋርድ ካውንቲ ባልና ሚስት፣ ድርሻ የነበራቸው ኩባንያ በ2006 በ39 ስቴቶች ግብር ያስታወቀ ነበርና፣ ይህን አንቀበልም ብለው ተከራከሩ፤ ሜይ 18 ቀን 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ፈረደላቸው። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ አሊቶ፣ ከስቴቱ ውጭ የተገኘ ገቢ በውስጥ ከተገኘው ይልቅ እንዲከብድ የሚያደርግ ግብር በስቴቶች መካከል ያለውን ንግድ የሚያሰናክል ነው አሉ። በተቃራኒው ከቆሙት መካከል ዳኛ ጊንስበርግ፣ ነዋሪ በስቴቱ ምርጫ ድምፅ ስላለው ግብሩ ቢከብደው ራሱን በምርጫ ሊከላከል ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የእኚህን ዳኛ ዕውቀትና ትጋት እያከበርሁ፣ ይህ ሐሳባቸው ግን በእኛ ማኅበረሰብ ላይ ሲደርስ አይጸናም እላለሁ፤ ግሪን ካርድ ይዞ ዓመታት የሚገብረው፣ ዜግነቱን ገና የሚጠብቀው ስደተኛ በስቴቱ ሸንጎ ምርጫ ድምፅ የለውም፤ ከድርብ ግብር የሚጠብቀው ሕጉ ብቻ ነው። ፍርዱ የተሰጠው ስለ ባለ አክሲዮኖች ገቢ ቢሆንም፣ ዛሬ ከሜሪላንድ እየተነሣ በደላዌር የሚሠራው ደመወዝተኛ ማካካሻውን ከካውንቲው ግብር ላይም የሚያገኘው በዚሁ ፍርድ ነው።

አሁን ወደ ዋሽንግተን ሦስት ማዕዘን እንመለስ። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ (በዲሲ፣ በዋና ከተማይቱ) መካከል የማካካሻው መንገድ አያስፈልግም፤ የተሻለ መንገድ አለና። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እርስ በርስ የመተው ስምምነት አላቸው፤ ይኸውም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሰ የሚሠራውን ደመወዝተኛ ማደሪያው ብቻ ያስገብረው፣ መዋያው ይተወው የሚል ነው። ሁለቱም ከፔንሲልቫኒያና ከዌስት ቨርጂኒያ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት አላቸው፤ ቨርጂኒያ ከኬንታኪም ጋር። ዋና ከተማይቱ ግን ከስምምነት በላይ የሆነ እገዳ አለባት፤ በ1973 ኮንግረስ የራስዋን አስተዳደር ሲፈቅድላት፣ ነዋሪዋ ባልሆነ ሰው የግል ገቢ ላይ ግብር እንዳትጥል በሕጉ ውስጥ አስሮባታል። ከሲልቨር ስፕሪንግ መጥቶ በከተማይቱ ሆቴል የሚሠራ ሰው ደመወዙን በሙሉ ለሜሪላንድ፣ ከአሌክሳንድሪያ የመጣውም በሙሉ ለቨርጂኒያ ያስታውቃል፤ ለዲሲ ምንም። በከተማይቱ ተቀምጦ በአርሊንግተን በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራውም በተራው ለዲሲ ብቻ ይገብራል። ማስታወቂያ የሚያቀርብበት ስቴት አንድ ብቻ ነው።

ይህ በጎ ሥርዐት የተንጠለጠለው ግን በሥራ መግቢያ ዕለት በምትፈረም አንዲት ገጽ ላይ ነው። የዲሲ አሠሪ ነዋሪ ያልሆነውን ሠራተኛ ዲ-4ኤ የሚባለውን ቅጽ ካላስፈረመው የዲሲን ግብር ይቀንስበታል፤ በቨርጂኒያ ቪኤ-4፣ በሜሪላንድ ኤምደብልዩ 507 ይህንኑ አገልግሎት ይሰጣሉ። አዲስ ገቢው ሠራተኛ በዚያች ዕለት የሚሰጠው ወረቀት ብዙ ነው፤ የባንክ ቍጥር፣ የመድን ምርጫ፣ የፌዴራሉ የተቀናሽ ቅጽ፤ ቋንቋውን ገና የሚለምድ ሰው የሚያስፈርመውን እየተከተለ ይፈርማል፤ ያልቀረበለትን ደግሞ ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የዲሲ ግብር እየተቀነሰበት፣ ለእውነተኛው ስቴቱ አንዲት ሳንቲም ሳይደርስ ይቀራል። በደብልዩ ቱው 15ኛ ሣጥን ዲሲ ተጽፎ፣ በ17ኛው የተቀነሰው ገንዘብ ተመዝግቦ ሲመጣ፣ ብዙው ሰው የሚያደርገው ከሁለት ስሕተት አንዱን ነው፤ ወይ ለዲሲ እንደ ነዋሪ አስታውቆ ዝም ይላል፣ ወይ በቨርጂኒያ ማስታወቂያው ላይ የዲሲን ተቀናሽ በማካካሻ መልክ ይጽፈዋል። ሁለቱም አይሆኑም፤ ዲሲ ለማስገበር ሥልጣን ያልነበራት ገንዘብ የተከፈለ ግብር ተብሎ ማካካሻ ሊጠየቅበት አይችልምና። ትክክለኛው መንገድ ሁለት ደብዳቤ የመጻፍ ያህል ነው፦ ለማደሪያው ስቴት ደመወዙን በሙሉ አስታውቆ ዕዳውን መክፈል፣ ለዲሲ ደግሞ ዲ-40ቢ በሚባለው ቅጽ በስሕተት የተወሰደው ሁሉ እንዲመለስ መጠየቅ። በቨርጂኒያ በስሕተት የተቀነሰበት የሜሪላንድ ሰው የሚጠይቀው በ763-ኤስ ቅጽ ነው። ጭንቀቱ ያለው በመካከል ባለው ጊዜ ነው፤ የሜሪላንድ ዕዳ በኤፕሪል 15፣ የቨርጂኒያው በሜይ 1 ይደርሳል፤ ከዲሲ የሚመለሰው ገንዘብ እስኪደርስ ድረስ ግን ሠራተኛው ከኪሱ አውጥቶ ይከፍላል። ከወር ወር የሚደርስ ደመወዝ ላለው ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ በኩል የከተማይቱን ቅሬታ ሳልጠቅስ ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። በየማለዳው የሚገባው ሕዝብ በመንገድዋ ይሄዳል፣ ቢታመም አምቡላንስዋ ያነሣዋል፣ እሳት ቢነሣ የእርስዋ እሳት አጥፊዎች ይደርሱለታል፤ ከደመወዙ ግን ምንም አይደርሳትም፤ በዚህ ላይ ሰፊው የፌዴራል መንግሥት ይዞታ የንብረት ግብር አይከፍልባትም፤ ሕዝብዋም በኮንግረስ ድምፅ የሚሰጥ እንደራሴ የለውም። እገዳው እንዲነሣ የቀረበው ክስ በ2005 በይግባኝ ፍርድ ቤት ተጥሏል። ቅሬታው እውነት ነው፤ የተጎዳውም መንግሥት ነው። ይሁን እንጂ መድኀኒቱ ድልድይ ተሻግሮ የሚመጣውን ሠራተኛ ሁለተኛ ማስታወቂያ እንዲሞላ ማድረግ ነው ብዬ አላምንም። የቤተ ክርስቲያን ሰው የሰበካ አስተዋፅኦውን የሚከፍለው ልጆቹን ባስጠመቀበት፣ የንስሓ አባቱ ባሉበት አጥቢያ ነው፤ በሚውልበት ገበያ አጠገብ ያለው ደብር ደወሉን ቢያሰማውም መዋጮ አይጠይቀውም። ስቴቶችም የሰውን ደመወዝ በማደሪያው ቢቈጥሩት፣ የጎደለበትን መንግሥት ደግሞ ሌላው መንግሥት በቀጥታ ቢክሰው፣ ሒሳቡ በባለሙያዎች መካከል ይቀራል፤ ከተማይቱን ያሰረው ኮንግረስ ነውና፣ ካሣውንም መክፈል የሚገባው ኮንግረስ ነው።

እንዲህ ያለው በመንግሥታት መካከል የሚደረግ ሒሳብ ግን መታመን ይጠይቃል። ሚኔሶታና ዊስከንሲን ለብዙ ዓመታት እርስ በርስ የመተው ስምምነት ነበራቸው፤ ከዊስከንሲን ወደ ሚኔሶታ የሚሄደው ሠራተኛ ስለሚበዛ ዊስከንሲን ልዩነቱን ትክስ ነበር፤ ክፍያው እየዘገየ ስላስቸገረ ስምምነቱ ከ2010 ጀምሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱን ወሰን እየተሻገረ የሚሠራው ሠራተኛ ሁሉ በሁለት ስቴት ያስታውቃል። የሁለት መንግሥታት አለመግባባት ዋጋ የወደቀው በማን ላይ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

በዓመቱ መካከል ከስቴት ወደ ስቴት ስለ ተዛወረ ሰው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ እርሱ በሁለቱም ስቴት የከፊል ዓመት ነዋሪ ነው፤ እስከ ተዛወረበት ቀን ያገኘውን ለፊተኛው፣ ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ለኋለኛው ያስታውቃል፤ የመጨረሻዎቹን የደመወዝ ወረቀቶች ማስቀመጥ ብቻ ይበቃዋል። ወደ ቴክሳስ፣ ወደ ፍሎሪዳ ወይም ወደ ዋሽንግተን ስቴት የሄደ ከሆነ፣ እነዚህ ደመወዝን ከማያስገብሩት ዘጠኙ ስቴቶች መካከል ስለሆኑ፣ አዲሱ ቤት ማስታወቂያ አይጠይቀውም። ነገር ግን ሰውየው ራሱ ዳላስ ሄዶ ሚስቱንና ልጆቹን በሜሪላንድ፣ መንጃ ፈቃዱንም በዚያው ያስቀረ እንደሆነ፣ ሜሪላንድ ቋሚ መኖሪያህ አልተለወጠም ልትለው ትችላለች። ቋሚ መኖሪያው ሌላ ቦታ ቢሆን እንኳ፣ በዲሲ 183 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ማደሪያ የያዘ ሰው እንደ ነዋሪ ይቈጠራል፤ ጎረቤቶችዋም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። በሳምንቱ መካከል ለሥራ ብሎ በከተማይቱ ክፍል የሚከራይ፣ ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤተሰቡ የሚመለስ ሰው ይህን ሊዘነጋው አይገባም።

ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ለሌላ ስቴት አሠሪ መሥራት ጀምሯል። መደበኛው ደንብ ሥራው አካል ባለበት ተሠርቷል የሚል ነው፤ ኒው ዮርክና ጥቂት ሌሎች ግን፣ ሠራተኛው በቤቱ የሚሠራው ለራሱ ምቾት እንጂ አሠሪው ግድ ብሎት ካልሆነ፣ ያ ቀን በቢሮ እንደ ዋለ ይቈጠራል ይላሉ። በኮነቲከት እየኖሩ በኒው ዮርክ ከተማ የሚያስተምሩ አንድ የሕግ መምህር ይህን ደንብ ተከራክረው በ2003 በኒው ዮርክ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተረቱ። ኒው ሃምፕሻየርም በወረርሽኙ ጊዜ በቤታቸው የሠሩትን ሰዎችዋን ማሳቹሴትስ አስገበረችብኝ ብላ ያቀረበችውን ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2021 ሳያየው መለሰው። ይህ ደንብ በእኔ አስተያየት ፍትሕ የለበትም፤ ሰው ባልረገጠው መሬት ላይ እንደ ዋለ ተቈጥሮ የሚጣል ግብር፣ የገቢው ምንጭ የሚለውን መሠረት ራሱን ያፈርሰዋል።

ስለ ጭነት መኪና ነጂዎች ግን ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ፤ በእኛ ማኅበረሰብ ይህን ሥራ የያዙት ጥቂቶች አይደሉምና ልብ ይበሉት። ተቀጥሮ በሁለትና ከዚያ በላይ ስቴቶች እየተዘዋወረ በመደበኛነት የሚነዳን ሰው፣ ከማደሪያው ስቴት በቀር ሌላ ስቴት ደመወዙን እንዳያስገብር የፌዴራል ሕግ ከልክሏል። በሳምንት አሥር ስቴት ቢያቋርጥም የሚያስታውቀው ለአንዱ ነው። ታክሲና ኡበር የሚነዳው ግን ደመወዝተኛ ሳይሆን የራሱ ሥራ ባለቤት ነው፤ ከላይ የተነገረው እርስ በርስ የመተው ስምምነት ስለ ደመወዝ ብቻ የተደረገ ስለሆነ፣ እርሱ ለብቻው ባለሙያ ማማከር ይኖርበታል።

ደብልዩ ቱ ሲመጣ፣ ታክስ ሠሪ ዘንድ ከመሄድ በፊት፣ ባለቤቱ ራሱ ከ15ኛው እስከ 17ኛው ያሉትን ሣጥኖች ማየት አለበት። በ16ኛው ሣጥን የሁለት ስቴት ደመወዝ ተጽፎ፣ ሲደመር በ1ኛው ሣጥን ካለው የፌዴራል ደመወዝ በልጦ ቢገኝ አይደንግጥ፤ ገቢው ተደርቦ ሳይሆን አጻጻፉ ነው፤ ኒው ዮርክ ለምሳሌ ሠራተኛው በስቴትዋ የዋለው ጥቂት ጊዜ ቢሆንም የዓመቱ ደመወዝ በሙሉ እንዲጻፍ ታዝዛለች፤ የሚገባትን ክፍል ለይቶ የሚያሳየው ማስታወቂያው ነው። አሠሪው ለማደሪያው ስቴት ግብር ካልቀነሰ ደግሞ፣ ሠራተኛው በየሩብ ዓመቱ በግምት እየከፈለ መቈየት አለበት፤ ዓመቱን ጠብቆ በአንድ ጊዜ የሚመጣው ዕዳ ቅጣት ያስከትላልና። ለሰው የሚሞላ ባለሙያም ስሙንና የምዝገባ ቍጥሩን በማስታወቂያው ላይ የመጻፍ ግዴታ አለበት፤ ገንዘብ ተቀብሎ ሳይፈርም የሚሰጥ፣ ተመላሹንም ገና ደብልዩ ቱውን ሳያይ የሚተምን ሰው ዘንድ የሄደ፣ ለኀላፊነቱ ብቻውን ይቆማል። ገቢያቸው መጠነኛ ለሆነ ሰዎች በየቤተ መጻሕፍቱና በየማኅበራቱ አዳራሽ በነጻ የሚሞላ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት አለ።

በኮንግረስ በኩል፣ ለጥቂት ቀን ወደ ሌላ ስቴት ለሥራ የሚሄድ ሰው 30 ቀን እስኪያልፈው በዚያ እንዳይገበር የሚያዝ ረቂቅ በ2012፣ በ2016ና በ2017 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አልፎ፣ በሴኔቱ ሳይጸድቅ ቀርቷል። ቢጸድቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ ወሰን ለሚሻገረው ሆቴል ሠራተኛ ምንም አይጨምርለትም። ለእርሱ የሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ነገር ነው። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማይቱ መሥሪያ ቤቶች ሕዝቡን በሚናገረው ቋንቋ ማገልገል አለባቸው፤ አማርኛም ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ይህ ግዴታ ግን የግል አሠሪውን አይነካም፤ ስሕተቱም የሚጀምረው በአሠሪው ጠረጴዛ ላይ ነው። የከተማይቱ ምክር ቤት አሠሪዎችን ሁሉ፣ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥሩ ዲ-4ኤን ከአማርኛ ማብራሪያ ጋር ከፌዴራሉ ቅጽ ጎን እንዲያቀርቡ ቢያዝ፣ ወጪው የአንድ ቅጠል ወረቀት ነው። የማኅበረሰብ ድርጅቶቻችንና አብያተ ክርስቲያኖቻችንም ይህን ጥያቄ በአንድ ቃል ለከተማይቱ ምክር ቤት ሊያቀርቡት ይችላሉ። እስከዚያው ድረስ፣ በደመወዝ ወረቀቱ ላይ የማይኖርበትን ስቴት ስም ያየ ሠራተኛ በዚያው ሳምንት ቅጹን ጠይቆ ይፈርም፤ ፊርማው የሚያድነው ከዚያ ቀን ወዲህ ያለውን ደመወዝ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የተቀነሰውን ግን ዓመቱ ሲፈጸም በዲ-40ቢ መጠየቅ ይኖርበታል።